በሰው ግቢ፦ የአንድ የድሬዳዋ አትክልተኛ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከዚህ ወር ጀምሮ ሦስት ግቢዎችን በቋሚነት ይዣለሁ። አንደኛው በከዚራ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በተቀየሰው ሰፈር የሚገኝ አሮጌ ቤት ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ሁለት ሎሚ፣ አንድ መንደሪን፣ በበሩ ላይ የተንጠለጠለ ቡገንቪሊያና ከአጥሩ ጥግ የቆመ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ይገኛሉ። ሁለተኛው በሳቢያን አዲስ የተሠራ ቪላ ነው፤ ባለቤቶቹ ከአዲስ አበባ በሥራ ተዛውረው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚፈልጉትም ሣር ነው። ሦስተኛው በመጋላ የሚገኝ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠባብ ግቢ ሲሆን ሮማኑም፣ ሂናውም፣ በሶብላውም የበቀሉት በግማሽ በርሜልና በቀለም ጣሳ ውስጥ ነው።

ክፍያዬ በወር እንዲሆን ከሦስቱም ጋር ተስማምቻለሁ። በቀን የሚከፈለው አትክልተኛ ባለቤቱ ማታ ሲገባ የሚያየውን ነገር ማሳየት ስላለበት መቆረጥ የሌለበትን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ መቆፈር የሌለበትን አፈር ይቆፍራል፤ በበሩ አጠገብ የተከመረው ቅርንጫፍ የሥራው ማስረጃ ይሆናል። በወር የሚከፈለው ግን አንዳንድ ቀን አይቶ ብቻ ለመሄድ ነፃነት አለው፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ሳይነኩ መተውም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። የእጅ መሣሪያው የእኔ ነው፤ ችግኝ፣ ፍግ፣ መድኃኒትና የጋሪ ኪራይ በባለቤቱ ይሸፈናል። በስምምነታችን ላይ አንድ ነጥብ ጨምሬያለሁ፦ እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ይነገረኝ፣ ከእርሱም ጋር በቀጥታ እንድነጋገር ይፈቀድልኝ የሚል ነው። ወደ እያንዳንዱ ግቢ የምሄደው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን፣ በቀሩት ቀናት አትክልቱን የሚያሳድገውም የሚገድለውም ጎማውን የያዘው ሰው ነው። በዚህ ከተማ ሙቀት ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አላየሁም።

የካቲት 14

የከዚራው ግቢ ዘበኛ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ፣ አትክልት የሚወዱ ሰው ናቸው። ችግሩም የመጣው ከፍቅራቸው ነው፤ ሎሚዎቹን በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎማውን ግንዱ ሥር አስቀምጠው ጥቂት ጥቂት ያጠጧቸዋል። በአንደኛው ሎሚ ግንድ ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ እያነባ ነው። ይህ በሎሚ፣ በብርቱካንና በመንደሪን ላይ የታወቀ፣ ፋይቶፍቶራ የሚባል በእርጥብ አፈር የሚኖር ተሕዋሲ የሚያመጣው የሥር አንገት መበስበስ ነው። ቅርፊቱ ዘወትር እርጥብ ከሆነ ይገባበታል፤ ቁስሉ ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ዛፉ ይሞታል።

አፈሩን ከግንዱ ሥር ጠርጌ፣ ዛፉ የተዳቀለበት እብጠት እስኪታይ ድረስ አራቅሁት። የበሰበሰውን ቅርፊት በስለት እስከ ጤናማው ድረስ ፋቅሁና አየር እንዲያገኘው ተውኩት። ከዚያም በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ ሁለት ክብ ድልድል ሠራሁ፦ ትንሹ ክብ ከግንዱ ክንድ ያህል ርቆ ውሃው ወደ ግንዱ እንዳይመለስ የሚያግድ፣ ትልቁ ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትንሽ አልፎ ውሃውን የሚይዝ ነው። ውሃ የሚገባው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው።

ዘበኛው ይህን ሲያዩ፣ «ግንዱን ካላጠጣሁት በምኑ ሊጠጣ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለነበረ በቃል ከምመልስላቸው ብዬ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሥር ትንሽ ቆፈርኩና እንደ ክር የቀጠኑትን ሥሮች አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ አፉ እዚህ ነው፤ ግንዱ ላይ ያለው ወፍራም ሥር ማቆሚያው ነው እንጂ አይጠጣም» አልኳቸው። ሥሮቹን በጣታቸው ነካክተው አዩና ድልድሉን ከእኔ በተሻለ አስተካከሉት።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሃው ዓይነት ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ስለሆነ፣ በዚህ ከተማ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ያው ነጭ ነገር በአፈር ላይም ይጋገራል። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ሲፈስ ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ኖራውንና ጨውን ከላይ ትተዋለች፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብዙ ውሃ ሲሰጥ ግን ጨው ከሥሩ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጋሼ ለሳምንቱ የሚጠቀሙበትን ያንኑ ውሃ በሁለት ቀን እንዲጨርሱት፣ እሱንም ማለዳ እንዲያደርጉት ተስማምተናል። ውሃው የት ድረስ እንደ ወረደ ማወቂያው ቀላል ነው፤ አንድ ቀጭን ፌሮ ወደ አፈሩ ሲገፋ እርጥቡን በቀላሉ ያልፋል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለሎሚ ከጉልበት በታች ያለው የቁመት ልክ ከራሰ በቂ ነው። ፌሮውን ለእርሳቸው ትቼላቸዋለሁ።

የካቲት 27

የከዚራው መንደሪን አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። የቤቱ እመቤት ምግብ አጥቶ ነው ብለው ዩሪያ አስገዝተው አቆይተውኛል። እንዳይደረግ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱንም አስረዳኋቸው። የናይትሮጅን እጥረት የሚጀምረው ከአሮጌው ቅጠል ነው፤ ተክሉ ያለውን ከታች አንስቶ ለአዲሱ ስለሚያቀብል አሮጌው ወጥ በሆነ መልኩ ይገረጣል። እዚህ ግን አሮጌው ደህና ሆኖ አዲሱ ብቻ ነው የታመመው፣ ጅማቱም አረንጓዴ ነው። ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ብረት በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ሥር ሊወስደው በማይችል መልክ ይታሰራል። ከመጠን ያለፈ ውሃ ሥሩን አየር ሲነሳው ደግሞ ይብስበታል፤ በየቀኑ ይጠጣ የነበረው መንደሪን ለዚህ የተመቻቸ ነበር።

ብዙ ሰው ሚስማርና የዛገ ቆርቆሮ ሥሩ ላይ ይቀብራል። ብረትን ብረት ይፈውሳል ከሚል የመጣ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ጥቅሙም ይህን ያህል አይደለም። ተራው የብረት ሰልፌት እንኳ በዚህ አፈር ላይ ሲፈስ ወዲያው ይታሰራል። በኖራማ አፈር የሚሠራው ብረትን ይዞ የሚያቆይ ኬሌት የሚባል ውህድ ሲሆን፣ ከኬሌቶቹም ውስጥ ኤዲዲኤችኤ የተሰኘው ነው የሚመረጠው። እሱ እስኪገኝ ድረስ በጣም የቀጠነ የብረት ሰልፌት ውሃ በማታ ቅጠሉ ላይ ረጭቻለሁ፤ የነካውን ቅጠል ያለመልማል፣ ከዚያ በኋላ ለሚወጣው አይደርስም። ዋናው መፍትሔ ውሃውን መቀነስና በድልድሉ ውስጥ የበሰለ ፍግ ማልበስ ነው። ዩሪያው መጋዘን ገብቷል።

መጋቢት 6

ረመዳን ከገባ ጥቂት ቀን ሆነው። የመጋላው ግቢ ባለቤት ሐጂ የሥራ ሰዓቴን ራሳቸው አስተካከሉልኝ፤ ከአስር ሰዓት በኋላ ገብቼ ከማፍጠሪያው በፊት እወጣለሁ። ለተክሉም ይሻለዋል፤ በቀትር በሲሚንቶ ግቢ ውስጥ የቆመ ጣሳ ሥሩን ይቀቅላል። ጣሳዎቹን ከምዕራቡ ግድግዳ አንስቼ ሮማኑ ጥላ ወደሚጥልበት አዛወርኳቸው፤ ትንንሾቹንም ትልልቅ ጣሳዎች ውስጥ አስገብቼ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በአሸዋ ሞላሁ። አሸዋው ሲርስ ውስጠኛው ጣሳ ይቀዘቅዛል።

የግቢው ዋና ችግር ግን ከጣሳዎቹ ሥር የተቀመጡት ሳህኖች ናቸው። ውሃ ሞልተው ይውላሉ፤ በሦስቱ ውስጥ የትንኝ እጭ ሲዋኝ አየሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ቤት በሮቶ፣ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእርሷ ጋር አያይዘውታል። ደንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተማዋን ያዳረሱት በሌላ ትንኝ ነው፤ የእሷም መራቢያ ያው የበርሜልና የሳህን ውሃ ነው። በዚህ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ሳምንት ወይም ትንሽ ቢጨምር ነው የሚፈጅበት፤ ስለዚህ በየሳምንቱ መድፋት ይበቃል። ሳህኖቹን በሙሉ አንስቼ በቦታቸው ጡብ አደረግሁ፤ በርሜሉን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ በሲባጎ አሰርኩት። አትክልተኛ በገባበት ግቢ ትንኝ ከበዛ ጥያቄው ለእርሱ ነው የሚቀርበው፤ መቅረብም አለበት።

መጋቢት 23

የበልጉ ዝናብ ሁለት ሌሊት ጥሩ አድርጎ ጥሎ ቅንጨ አረም በየአጥሩ ሥር ብቅ ብሏል። ይህ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ አካባቢ ነው፤ ዘመኑም 1970ዎቹ ነበር። አንድ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል፣ ነጩ አበባ ከመታየቱ በፊት ከነሥሩ ካልተነቀለ የዓመቱ ሥራ ከንቱ ነው። ቆዳን ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል በጓንትና በረጅም እጅጌ ነው የሚነቀለው፤ የሳቢያኗ የቤት ሠራተኛ ልታግዘኝ በባዶ እጇ ስትጀምር አስቆምኳት። አበባ ያወጣውን ከብስባሹ ጉድጓድ አልጨምረውም፤ አድርቄ አቃጥለዋለሁ።

ሚያዝያ 4

ኢድ አልፎ ሳቢያን ገባሁ። ስለ ሣሩ የሚደረገው ንግግር ከእንግዲህ ሊዘገይ አይችልም።

ባልና ሚስቱ የሚፈልጉት አዲስ አበባ የነበራቸውን ዓይነት ሣር፣ በግቢው ሙሉ ነው፤ ሰውየው ኪኩዩ የሚባለውን ሣር ከደጋ በማዳበሪያ ከረጢት ሊያስመጡ ተነጋግረዋል። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለች፣ በግንቦትና በሰኔ ቀትሯ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ውስጥ በውሃ ብዛት ካልሆነ አይቆይም። ውሃውን አብረን አሰላነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። በሞቃቱ ወራት ሣር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያተናል ብንል፣ ለ100 ካሬ ሜትር በቀን 500 ሊትር ያስፈልጋል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በአራት ቀን ያልቃል ማለት ነው፣ ያውም ቤተሰቡ አንድ ጠብታ ሳይጠጣ። ሴትየዋ ሒሳቡን ሲሰሙ ሣቁ፤ ሰውየው አልሣቁም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከበረንዳው ፊት ለፊት ልጆቹ የሚጫወቱበት ያህል ቦታ ብቻ ሣር ይሆናል፤ ሣሩም ሰርዶ ነው። ሰርዶ በገበሬ ማሳ ውስጥ ጠላት ነው፣ አያቴ ስሙን በክፉ ነበር የምታነሳው፤ በግቢ ውስጥ ግን ሙቀት የሚችል፣ ሲጠማ ጠውልጎ ውሃ ሲያገኝ የሚነሳ፣ እግር የማይገድለው ሣር እሱ ነው። የቀረው ቦታ በጠጠር፣ በእሬት፣ በቡገንቪሊያና በምዕራብ በኩል ጥላ በሚሰጡ ሁለት የኒም ዛፎች ይያዛል። ኒም ሥር ከያዘ በኋላ ውሃ አይጠይቅም።

ሴትየዋ የልብስ እጣቢውን ውሃ ለሣሩ እናውለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የመጀመሪያው እጣቢ ሳሙና ስለሚበዛበትና የሳሙናው ሶዲየም አፈሩን ስለሚያጠነክረው አይሆንም፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለኒሞቹ ይሆናል። ለጣሳ ተክል ግን ሁለቱም አይሰጡ።

ሚያዝያ 24

የፋሲካ ሳምንት ነው። ሁሉም ግቢ እንዲጸዳ ይፈለጋል፤ ጥረጋ፣ ቅጠል ማንሳትና አጥር መከርከም ብቻ ተሠራ። ከበዓል በኋላ እንገናኝ ተባብለናል።

ግንቦት 16

ሙቀቱ በርትቷል። የድሬዳዋ ዛፍ በከዚራ ጎዳናዎች ሁሉ ቀልቷል፤ የእኛም ግቢ ዛፍ ቅጠሉ ሳይታይ ቀይ ሆኗል። በስማችን ይጠራ እንጂ አገሩ ማዳጋስካር ነው። እመቤቲቱ አበባውን አይተው በአዲሱ የውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ሌላ እንድተክልላቸው ጠየቁኝ፤ ጥላ ስለሚፈልጉም ጥያቄው የመጣው በዚህ ሙቀት ነው። አልተስማማሁም። የዚህ ዛፍ ሥር ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ንጣፍ ያነሳል፣ የማጠራቀሚያ ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ቅርንጫፉም ተሰባሪ በመሆኑ ጣሪያ አጠገብ ሊተከል አይገባም። ነባሩ ዛፍ ከአጥሩ ጥግ መሆኑ ዕድል ነው።

ቡገንቪሊያው ግን አላበበም፤ ቅጠል ብቻ ነው። ጋሼን ጠየቅኋቸው፤ ከሎሚው ያተረፉትን ውሃ ለእርሱ ሰጥተውታል። የቡገንቪሊያ ቀለም ያለው አበባ የምንለው ነገር በእውነቱ አበባውን የከበበ ቅጠል ሲሆን፣ ተክሉ ይህን የሚያወጣው ትንሽ ሲጠማና አዲስ ቡቃያ ሲኖረው ነው፤ ውሃና ፍግ ሲበዛበት ወደ ቅጠልና ወደ እሾህ ይሮጣል። ውሃውን ለሦስት ሳምንት ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ነገርኳቸው። «ሲጠወልግ ዝም ልበለው?» አሉ። «ጫፉ ሲጎነበስ ብቻ፣ አንድ ጀሪካን» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም፤ ጎማውን ግን ጠቅልለው አስቀመጡት።

የሎሚዎቹን ግንድ ከምዕራብ በኩል በኖራ ቀብቻለሁ፤ ቀደም ሲል የነበረው አትክልተኛ የታችኛውን ቅርንጫፍ በሙሉ አንስቶ ስለነበረ ቅርፊቱ በከሰዓቱ ፀሐይ እየተላጠ ነው። የሎሚ ቀሚስ መሬት ሊነካ ምንም ያህል አይቅረው የሚባለው ለዚህ ነው። ከተዳቀለበት በታች የወጡትን እሾሃም ቡቃያዎች ግን አንድም አላስቀረሁ፤ እነርሱ የሥሩ እንጂ የሎሚው አይደሉም፣ ከተተዉም ዛፉን ይወርሱታል።

ሰኔ 14

ዓረፋ ካለፈ በኋላ በጠጥ፣ ማለትም የበግና የፍየል ፍግ፣ ዋጋ የለውም፤ በመጋላ በየግቢው ለበዓሉ በጎችና ፍየሎች ታስረው ስለነበር ሰው «ውሰድልኝ» ይላል። በጋሪ ሁለት ጊዜ አስመጥቼ ለከዚራው ብስባሽ ጉድጓድ አዋልኩት። በዚህ ደረቅ አየር ብስባሽ በክምር ከተሠራ ነፋስ ያደርቀውና ሳይበሰብስ ይከርማል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ወገብ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሬ በንብርብር እሞላውና በእርጥብ ከረጢት እሸፍነዋለሁ። ትኩስ ፍግ በራሱ ጨዋማ ነው፤ በጨዋማ ውሃ ላይ ሲጨመር ሥር ያቃጥላል፤ ስለዚህ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ይቆያል።

የንብርብሩ ሌላኛው ግማሽ ገራባ፣ ማለትም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት ነው። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ የምታመርተው ነገር ቢኖር ገራባ ነው፤ ፍየሎቹ ካልቀደሙኝ በከረጢት እሰበስባለሁ። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ግን ተለይቶ መቆራረጥ አለበት። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ይህን ብስባሽ ለዛፍና ለአበባ ብቻ ነው የምሰጠው፤ ለሐጂ በሶብላና ለሰላጣ የሚሆነው ገራባ የሌለበት ነው፣ በሌላ ከረጢት ይቀመጣል።

ሐምሌ 3

ማንጎው ተለቅሟል። መገረዝ ያለበት አሁን ነው፤ ቢዘገይ አዲሱ ቡቃያ ለመጪው አበባ አይደርስም። ከመካከሉ ሦስት ወፋፍራም ቅርንጫፎችን ብቻ አንስቼ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረግሁ፤ የሞቱትን ጫፎችና የፍሬውን ደረቅ ዘለላም ሰበሰብኩ። ወፍራም ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በሦስት ቁርጥ ነው፦ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ፣ ቀጥሎ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ፣ መጨረሻ ጉቶው ከግንዱ አንገት ላይ ይነሳል። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጫል። የማንጎ ወተት ቆዳ ስለሚያቃጥል ፊቴን ሸፍኜ፣ እጄን በዘይት ቀብቼ ነው የሠራሁት። እመቤቲቱ ካቻምና ብዙ፣ አምና ጥቂት፣ ዘንድሮ ደግሞ ብዙ ያፈራው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ አንዳንድ ማንጎ በባሕርዩ ዓመት እየዘለለ ያፈራል፤ በየዓመቱ ጥቂት በመግረዝ ማለዘብ ይቻል ይሆናል እንጂ ማስቆም አይቻልም።

ሐምሌ 19

የኒም ፍሬ በየመንገዱ እየረገፈ ነው፤ ልጆች በከረጢት ለቅመው አመጡልኝ። ሥጋውን አጥቤ፣ ፍሬውን በጥላ አደርቅሁ። ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የፍሬ ውስጥ አድሮ፣ ተጠልሎ፣ ጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ሲጨመርበት ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ ይሆናል። ተባዩን ወዲያው አይገድልም፤ መብላትና ማደግ ያቆመዋል፤ ስለዚህ በማግስቱ አይቶ «አልሠራም» የሚል ባለቤት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ፀሐይ ስለምታጠፋው ማታ ይረጫል፤ ቅጠሉም ከሥር በኩል መርጠብ አለበት፣ ነጩ ዝንብ ያለው እዚያ ነው። ለመንደሪኑና ለሐጂ ሮማን ረጭቻለሁ። በሳምንቱ እደግመዋለሁ።

መንደሪኑ አዲስ ያወጣው ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ነሐሴ 6

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ደቻቱ ሞልቶ አደረ። ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከደንገጎ በኩል ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በአንድ ሌሊት ያደረሰውን የጎርፍ ጥፋት የማያስታውስ የከተማ ሰው የለም። ለጣሳ አፈር የምፈልገውን ሻካራ አሸዋ ከዳርቻው የማስመጣው ስለሆነ በዚህ ወር ሰው ወደ ወንዙ አልክም፤ ከሰኔ በፊት ያስመጣሁት ይበቃኛል።

በሳቢያን የሰርዶውን ቁርጥራጭ በሰኔ አጋማሽ ተክለነው ነበር፤ አሁን ተያይዟል። ከሁለት ጣት በታች እንዳይታጨድ ለሠራተኛዋ ነግሬያታለሁ። ይሁን እንጂ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በሙሉ ሣሩ ላይ እየወደቀ አንድ ጥግ አጥቧል። ከመውረጃው ቱቦ እስከ ኒሞቹ ድረስ ጥልቀት የሌለው ቦይ ቀደድኩ፤ በቦዩ ውስጥ ድንጋይ አስቀመጥኩ። የጣሪያ ውሃ ኖራ የሌለበት በመሆኑ በዚህ ከተማ ለአትክልት ከሚገኘው ውሃ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ወደ መንገድ ሲፈስ ማየት ያሳዝነኛል። ሰውየው ሁለተኛ ሮቶ ከመውረጃው ሥር ለማስቀመጥ ፈቅደዋል፤ ክዳኑ ጥብቅ፣ መግቢያው በወንፊት የታሰረ መሆን አለበት።

ሐጂ የጣሳዎቹን ጠርዝ እንድፍቅላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ ዝናቡ ጨዉን አጥቦ ስለወሰደው ሳይፋቅ ጠርቷል።

መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በከዚራ፣ ከመጀመሪያው ቤት ሁለት በር አልፎ፣ አራተኛ ግቢ እንድይዝ ተጠየቅሁ። ባለቤቱ የሚፈልጉት አቮካዶ ነው፤ ሐረር ዘመድ ቤት ያዩት አምስት የተዳቀሉ ችግኞች ከነገ ወዲያ ይመጡላቸዋል። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩም አፈሩም ሌላ ነው። አቮካዶ ኖራና ጨው ከማይችሉት ፍራፍሬዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠራ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ አዲሱ ቅጠል እንደ መንደሪኑ ይገረጣል፤ የሥሩ መበስበስም ከዚያው ከፋይቶፍቶራ ወገን ነው። ለአምስት የሚከፍሉትን ለሁለት ብቻ እንዲከፍሉ፣ እነዚያንም ከጣሪያ ውሃ አጠገብ ከፍ ባለ መደብ ላይ እንድንተክላቸው፣ ካልሆነላቸው እንዳያዝኑ ነገርኳቸው። ለቀረው ቦታ ጊሽጣ፣ ሮማን፣ ዘይቱንና ፓፓያ አቀረብኩላቸው፤ ጊሽጣና ሮማን በዚህ አፈር ላይ ብዙ አያስቸግሩም። ጥቂት ተከራክረን ተስማማን።

ፓፓያው የሚተከለው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው። ወንድና ሴት ስላለውና ችግኙን አይቶ መለየት ስለማይቻል እስኪያብቡ ይጠበቃል፤ ከዚያም በየጉድጓዱ ፍሬ የሚይዘው አንዱ ብቻ ይቀራል፣ ለርክበት አንድ ወንድ በግቢው ይተዋል። ባለቤቱ ሦስት ተክሎ ሁለት መንቀል ብክነት መስሎ ስለታያቸው፣ ያበበውን ወንድ ዛፍ የምነቅለው እኔ እንደሆንኩና ለተጨማሪዎቹ ችግኞች ገንዘብ እንደማልጠይቅ በስምምነቱ ላይ ጽፈናል። ጉድጓዶቹን ዛሬ ጀምሬያለሁ፤ ስፋታቸውም ጥልቀታቸውም 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጧል። የከዚራው ብስባሽ ስለበሰለ እመቤቲቱ ግማሹን ለጎረቤታቸው ሊሸጡላቸው ፈቅደዋል፤ የጋሪውን የሚከፍሉት ገዢው ናቸው።